የሰርቨር ዲስኮች አያያዝ፦ ሬይድ ኮንትሮለር የሚያድነውና የማያድነው

አምስት ወይም ስድስት ዲስክ ያለው ሰርቨር አንዱ ዲስኩ ቢሞትበት ሥራው አይቋረጥም። ሒሳብ ክፍሉ ደመወዝ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ፋይሉም ይከፈታል፤ ዳታቤዙ ትንሽ ቢዘገይ እንኳ ሰው ኔትወርኩን ይጠረጥራል እንጂ ዲስክ ሞቷል ብሎ የሚያስብ የለም። ሬይድ፣ ማለትም አንዱ ዲስክ ቢሞት መረጃው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን አስተሳስሮ የመጠቀም ዘዴ፣ የተፈጠረው ለዚሁ ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር በታሰበው መንገድ እየሄደ ነው። አደጋው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰርቨሩ የሚሠራው ያለ መከላከያ ሲሆን፣ ክትትል ከሌለ ሁለተኛው ዲስክ እስኪሞት ድረስ ማንም ሳያውቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። የዲስክ አያያዝ ሥራ በአብዛኛው ይህንን ዝምታ መስበርና፣ የሞተው ዲስክ ተተክቶ መረጃው እንደገና እስኪገነባ ላለው አስጨናቂ ጊዜ አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ሬይድ ኮንትሮለር በሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ ወይም አብሮ የተገጠመ ካርድ ሲሆን የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ፈርምዌር (በካርዱ ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ፕሮግራም) አለው። በዴል ሰርቨሮች ላይ ፐርክ፣ በኤችፒኢ ሰርቨሮች ላይ ስማርት አሬይ በሚሉ ስሞች ይታወቃል፤ የብሮድኮም ሜጋሬይድ ደግሞ በሌሎች ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ይገኛል። ሥራው ዲስኮቹን አስተሳስሮ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ አድርጎ ማቅረብ ሲሆን፣ እንዲህ ሆኖ የሚቀርበው ዲስክ ቨርቹዋል ዲስክ ወይም ሎጂካል ድራይቭ ይባላል። ዊንዶውስ ሰርቨርም ሆነ ሊኑክስ የሚያየው ይህንን ብቻ ስለሆነ፣ ከጀርባው ስንት ዲስክ እንዳለና የትኛው እንደታመመ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሁሉ ነገር ደህና መስሎ መታየቱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ኮንትሮለሩን ራሱን ለመጠየቅ የተለየ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለሜጋሬይድ ስቶርሲኤልአይ፣ ለዴል ፐርክሲኤልአይ፣ ለኤችፒኢ ኤስኤስኤሲኤልአይ የተባሉ የትእዛዝ ፕሮግራሞች ሲኖሩ፣ አይድራክና አይሎ የተባሉት የርቀት መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ሁኔታውን በብራውዘር ያሳያሉ፣ ችግር ሲኖርም ኢሜይል ይልካሉ። ኢሜይሉ ግን አድራሻውን ሰው ካልሞላው አይላክም። አዲስ ሰርቨር ሲተከል ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከተሞላም በኋላ የሙከራ መልእክት ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሬይድን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ ያቀረቡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። በዘመኑ እጅግ ውድ ከነበረው ትልቅ ዲስክ ይልቅ ርካሽና ትናንሽ ዲስኮችን ሰብስቦ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን ዲስክ በበዛ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸቱ ዕድል ስለሚጨምር የጠፋውን የሚተካ ትርፍ መረጃ አብሮ መቀመጥ አለበት የሚል ነበር ክርክራቸው። ትርፉ መረጃ የሚቀመጥበት መንገድ ነው የሬይድ ደረጃዎችን የሚለያያቸው። ሬይድ 0 ምንም ትርፍ ስለሌለው አንድ ዲስክ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ሬይድ 1 ያንኑ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ ይጽፋል፤ ሬይድ 10 እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ደርድሮ ያገናኛል። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ፣ ሬይድ 6 ደግሞ የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ፣ ማለትም የጠፋውን መልሶ ለማስላት ለሚቀመጠው ትርፍ መረጃ፣ ይሰጣሉ።

ፓሪቲ የጠፋን መረጃ እንዴት እንደሚመልስ በቅርብ ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የኋላው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አራት ዲስኮች በሬይድ 5 ተደራጅተዋል እንበል። በአንድ ረድፍ ላይ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 0፣ ሦስተኛው 1 ይዘዋል። ኮንትሮለሩ በረድፉ ውስጥ ያሉት የ1ዎች ብዛት ምንጊዜም ለሁለት የሚካፈል እንዲሆን በአራተኛው ዲስክ ላይ 0 ይጽፋል፤ ይህ ነው ፓሪቲው። ሁለተኛው ዲስክ ቢሞት የሚቀሩት 1፣ 1 እና 0 ናቸው፤ የ1ዎቹ ብዛት ለሁለት እንዲካፈል የጠፋው የግድ 0 መሆን አለበት። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን የጠፋውን አንዱን ለማወቅ የቀሩትን ሦስቱንም ማንበብ አስፈልጓል። ከሦስቱ አንዱ በዚያች ረድፍ ላይ አልነበብ ቢል የማይታወቁት ሁለት ይሆናሉና ሬይድ 5 መልስ የለውም። ሬይድ 6 በሌላ ስሌት የተሠራ ሁለተኛ ፓሪቲ ስለሚይዝ በዚህ ጊዜም መልስ ይኖረዋል።

አሁን ይህንኑ በትክክለኛ መጠን እንመልከተው። እያንዳንዳቸው 8 ቴራባይት የሆኑ 6 ዲስኮች በሬይድ 5 ቢደራጁ 40 ቴራባይት፣ በሬይድ 6 ቢደራጁ 32 ቴራባይት፣ በሬይድ 10 ቢደራጁ 24 ቴራባይት ቦታ ይገኛል። የበጀት ጥያቄ በሚነሳበት ስብሰባ ላይ ሬይድ 5 የሚያሸንፈው በዚሁ ነው። አንድ ዲስክ ሞቶ አዲስ ሲገባ ግን ሪቢልድ የተባለው መልሶ ግንባታ ይጀምራል፤ ኮንትሮለሩ የቀሩትን 5 ዲስኮች ከመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበት ትንሹ የመረጃ ክፍል) እስከ መጨረሻው ያነባል ማለት ነው፤ ይህም በድምሩ 40 ቴራባይት ንባብ ይሆናል። አዲሱ ዲስክ ያለማቋረጥ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍበት እንኳ 8 ቴራባይቱ ለመሙላት ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በተግባር ሰርቨሩ ተጠቃሚዎቹን እያስተናገደ ስለሆነና ኮንትሮለሩም ለሪቢልድ የሚሰጠው የአቅሙን ከፊል ብቻ ስለሆነ፣ በሜጋሬይድ ላይ የተለመደው መነሻ 30 በመቶ ነው፣ ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ ሁሉ የቀሩት ዲስኮች፣ ምናልባትም ከሞተው ጋር በአንድ ቀን ተገዝተው እኩል ያረጁት፣ ከወትሮው የበለጠ ጫና ይሸከማሉ።

የዲስክ አምራቾች ምን ያህል መረጃ ሲነበብ አንድ የማይነበብ ሴክተር ሊያጋጥም እንደሚችል በምርታቸው መግለጫ ላይ ይጽፋሉ። ለብዙ የዴስክቶፕ ዲስኮች የሚጻፈው በ100 ትሪሊዮን ቢት አንድ ሲሆን ይህ ወደ 12.5 ቴራባይት ይመጣል፤ ለሰርቨር ተብለው ለተሠሩት ደግሞ አሥር እጥፍ የተሻለ፣ ማለትም በ125 ቴራባይት አንድ ነው። እነዚህ ቁጥሮች አምራቹ ከዚህ አይብስም የሚልባቸው ጣሪያዎች በመሆናቸው ብዙው ዲስክ ከዚያ የተሻለ ይሠራል። ቢሆንም 40 ቴራባይት ያለ አንዳች ስህተት ተነቦ ይጠናቀቃል ብሎ የድርጅት መረጃን በዚያ ላይ ማሳረፍ ትክክል አይመስለኝም። በዚህ መጠን ዲስኮች ላይ ሬይድ 6 ወይም ሬይድ 10 መምረጥ ይገባል እላለሁ፤ ሬይድ 5ን ለትናንሽ ዲስኮችና በቀላሉ እንደገና ሊገኝ ለሚችል መረጃ ብተወው እመርጣለሁ።

በሬይድ 5 ሪቢልድ መካከል የማይነበብ ሴክተር ሲያጋጥም ኮንትሮለሩ የሚያደርገው ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። የዴልን ካርዶች ብንወስድ ሥራውን በሙሉ ከማቆም ይልቅ ያችን ረድፍ የተበላሸች ብለው ምልክት ያደርጉባትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ይህ ፓንክቸር ይባላል። ሪቢልዱ ሲያልቅ ቨርቹዋል ዲስኩ ኦፕቲማል፣ ማለትም ፍጹም ጤነኛ ተብሎ ይታያል። ሆኖም በዚያች ረድፍ ላይ የነበረው መረጃ ጠፍቷል፣ ከዚያ በኋላ ዲስኮቹን አንድ በአንድ መቀየርም ምልክቱን አያነሳውም። መፍትሔው መረጃውን አውጥቶ ቨርቹዋል ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ነው። ስለዚህ ከሪቢልድ በኋላ ኦፕቲማል የሚለውን ቃል አይቶ መዝጋት አይበቃም፤ የኮንትሮለሩን ሎግ፣ ማለትም የክስተት መዝገቡን፣ ከፍቶ በሪቢልዱ ሰዓታት ውስጥ የተመዘገበ የንባብ ስህተት መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሴክተር ከሪቢልድ በፊት ቢገኝ ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር። ሁሉም ዲስኮች በሕይወት ባሉበት ጊዜ ኮንትሮለሩ የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ የጎደለውን ከፓሪቲው አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል፤ ዲስኩም የተበላሸውን ቦታ ትቶ በተጠባባቂ ሴክተር ይተካዋል። ለዚህ ነው ፓትሮል ሪድ የተባለው ሥራ ያለው። በየጊዜው፣ በሜጋሬይድ ላይ በተለመደው አሠራር በየ168 ሰዓቱ፣ ሰርቨሩ ፋታ ሲኖረው ዲስኮቹን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ማንም ያልከፈታቸውን ፋይሎች ጭምር ይፈትሻል። ዓመታት ያስቆጠረ የማህደር ፋይል የተቀመጠበት ሴክተር ተበላሽቶ ቢሆን በሌላ መንገድ አይታወቅም። ኮንሲስተንሲ ቼክ የተባለው ሁለተኛው ፍተሻ ደግሞ መረጃውና ፓሪቲው መስማማታቸውን ያረጋግጣል። ሁለቱንም ፍጥነት ቀንሰዋል ብሎ የሚያጠፋቸው አስተዳዳሪ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ላይ እንዲሠሩ ማድረግ ሲቻል ማጥፋት አግባብ አይደለም።

ፍተሻው የሚያስገኛቸው ቁጥሮች መነበብ አለባቸው። በእያንዳንዱ ዲስክ ዝርዝር ውስጥ ሚዲያ ኤረር የሚል ቆጣሪ አለ። አንድ ጊዜ 2 ሆኖ ለወራት እዚያው የቆመ ቁጥር ብዙም አያስጨንቅም፤ ከሳምንት ሳምንት ከ2 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 40 የሚሄድ ከሆነ ግን ዲስኩ ገና ኦንላይን ተብሎ ቢታይም መቀየር አለበት። አዘር ኤረር የሚለው ቆጣሪ ብቻ እያደገ ከሆነ ዲስኩን ከመወንጀል በፊት ኬብሉንና ባክፕሌኑን (ዲስኮቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ማየት ይሻላል። ስማርት በተባለው የዲስኩ የራስ ምርመራ መሠረት ፕሪዲክቲቭ ፌለር የሚል ማስጠንቀቂያ ሲወጣም እስኪሞት መጠበቅ አይገባም። ብዙ ኮንትሮለሮች የታመመው ዲስክ ገና እየሠራ ሳለ ይዘቱን በቀጥታ ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ይችላሉ፤ በዚህ መንገድ አምስቱን ዲስኮች በሙሉ አንብቦ ማስላት ሳያስፈልግ፣ መከላከያውም ለአንድ ደቂቃ ሳይነሳ ቅያሬው ይጠናቀቃል።

የዲስክ ዓይነት ምርጫም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ አንድ ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ብቻውን እንደሆነ አስቦ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ኮንትሮለሩ ደግሞ መልስ ያልሰጠውን ዲስክ እንደሞተ ቆጥሮ ከቡድኑ ያስወጣዋል። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጠው ስህተቱን ለኮንትሮለሩ ያሳውቃሉ፣ እሱም ከፓሪቲው አስልቶ ይጠግነዋል። የዋጋ ልዩነቱን ለማትረፍ ተብሎ የዴስክቶፕ ዲስክ የተገጠመባቸው ሰርቨሮች ጤነኛ ዲስኮችን ደጋግመው የሚያስወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ካሽ (መረጃ ለጊዜው የሚያርፍበት ፈጣን ሜሞሪ) እና ባትሪ እንምጣ፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ክፍል ከሌላው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ኮንትሮለሩ ራይት ባክ በተባለው አሠራር ሲሠራ የሚጻፈውን መረጃ በራሱ ሜሞሪ ተቀብሎ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተጽፏል ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ዲስኮቹ የሚያወርደው ጥቂት ቆይቶ ነው። ዳታቤዙ ተጽፏል ብሎ ያመነው መረጃ በዚያች ቅጽበት ያለው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። በመካከል ኃይል ቢቋረጥ መረጃውን ይዞ የሚያቆየው ባትሪው ነው፤ በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ደግሞ ሱፐርካፓሲተር ካሹ ወደ ፍላሽ ሜሞሪ እስኪገለበጥ ድረስ ኃይል ይሰጣል። ባትሪው ሲያረጅ ጤነኛ ቅንብር ያለው ኮንትሮለር በራሱ ወደ ራይት ስሩ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ መረጃ ዲስኩ ላይ ካልደረሰ ተጽፏል አይልም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰርቨሩ በድንገት ይንቀራፈፋል። ትናንት ደህና የነበረ ሰርቨር ዛሬ በመጻፍ ላይ ብቻ ክፉኛ ከዘገየ በቅድሚያ የባትሪውን ሁኔታ ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ከባድ ጥፋት አለ። ፍጥነቱን ለመመለስ ተብሎ ባትሪ ባይኖርም ራይት ባክ ይሁን የሚለው ምርጫ ይበራል። ሰርቨሩ ወዲያው ይፈጥናል፤ ከዚያም ዩፒኤሱ ደክሞ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ የቀረ ዕለት በካሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ዳታቤዙም ላይከፈት ይችላል። ባትሪው እስኪቀየር ድረስ መዘግየቱን መታገሥ ግድ ነው። የዲስኮቹ የራሳቸው ካሽም በኮንትሮለሩ ባትሪ የማይጠበቅ በመሆኑ፣ ኃይል ሲቋረጥ የሚከላከል ካፓሲተር ለሌላቸው ዲስኮች ቢጠፋ ይሻላል።

ሆት ስፔር ማለት በሰርቨሩ ውስጥ ተሰክቶ ምንም ሳይሠራ የሚጠብቅ ዲስክ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሰው ሳይነካው ሪቢልድ ይጀመርበታል። ለአንድ ቡድን ብቻ ሊመደብ ወይም ሁሉንም ሊያገለግል ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ምትክ ዲስክ ማግኘት ከውጭ ማስመጣትን፣ የውጭ ምንዛሪንና የግዥ ሥርዓትን የሚያልፍ በመሆኑ፣ ምትክ ዲስኮቹ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ጨረታ መገዛት አለባቸው፤ አንዱ ሆት ስፔር ሆኖ፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ሞዴል ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። ምትኩ በመጠን ከሞተው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ሁለቱም 8 ቴራባይት ተብለው የአንዱ የሴክተር ብዛት ጥቂት ካነሰ ኮንትሮለሩ አይቀበለውም። ሳስና ሳታ የተባሉት ሁለቱ የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች በአንድ ቡድን ውስጥ አይደባለቁም፣ ባለ 512 ባይት ሴክተር ዲስክም በባለ 4 ኪሎባይት ሴክተር አይተካም።

ቅያሬው ራሱ አጭር ሥራ ቢሆንም ብዙ መረጃ የጠፋው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። በመጀመሪያ በፕሮግራሙ ላይ የሞተው ዲስክ ስሎት (ዲስኩ የተሰካበት ቦታ) ቁጥርና ሴሪያል ቁጥር በወረቀት ይጻፋል። ቀጥሎ ሎኬት የተባለው ትእዛዝ ይሰጥና በዚያ ስሎት ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። በዴል ሰርቨሮች ላይ ስሎቶቹ የሚቆጠሩት ከ0 እንጂ ከ1 ስላልሆነ ስሎት 3 ማለት አራተኛው ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን ከላይ ወደ ታችም በሰርቨሩ ሞዴል ይወሰናል። በዲግሬድድ፣ ማለትም አንድ ዲስክ በጎደለው፣ ሬይድ 5 ላይ በስህተት ጤነኛውን ዲስክ መንቀል ቨርቹዋል ዲስኩን በሙሉ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ትክክለኛው ዲስክ ሲገኝ ጥቂት ሳብ ተደርጎ መሽከርከሩን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቅና ከዚያ ይወጣል። ሰርቨሩ አይጠፋም፤ ሆት ስዋፕ የተባለው ይህ ነው። አዲሱ ከገባ በኋላ ሪቢልዱ በራሱ መጀመሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዲስኩ አንከንፊገርድ ጉድ (ጤነኛ ግን ገና ያልተመደበ) ወይም ፎሪን ተብሎ ታይቶ ትእዛዝ እየጠበቀ ሊቀመጥ ይችላል።

ፎሪን የሚለው ቃል በዲስኩ ላይ የሌላ ቡድን ምዝገባ አለ ማለት ነው። የቡድኑ አደረጃጀት በካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በየዲስኩም ላይ ስለሚጻፍ፣ ካርዱ ሲቃጠል ዲስኮቹን ወደ ተመሳሳይ ካርድ አዛውሮ ኢምፖርት በማለት መረጃውን እንዳለ ማግኘት ይቻላል። ከሌላ ሰርቨር የተነቀለ አሮጌ ዲስክ ለምትክነት ሲገባ ግን ማድረግ የሚገባው ተቃራኒው፣ ማለትም አሮጌውን ምዝገባ ማጽዳት ነው። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ሜኑ ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዲስኩ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ አንዳቸውንም መጫን አይገባም፤ ኢኒሺያላይዝ የሚለው ደግሞ መረጃን ስለሚያጠፋ በማዳን ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ፈርምዌርን ማደስ ብዙ ሰው የሚያዘገየው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ኤችፒኢ ያወጣው ማስታወቂያ ለምን መዘግየት እንደሌለበት ያሳያል። የተወሰኑ የሳስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌላቸው ዲስኮች) ሞዴሎች ፈርምዌራቸው ካልታደሰ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ እንደሚሞቱና በላያቸው ያለው መረጃም እንደማይመለስ አስታወቀ። በ2020 ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ በ40,000 ሰዓት የሚከሰት ተመሳሳይ ችግር ይፋ ሆነ። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የበሩ ዲስኮች የሰዓት ቆጣሪያቸውም እኩል ነውና በአንድ ላይ ይሞታሉ። ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ሲሞት ይችላል፤ ስድስቱ በአንድ ሰዓት ሲሞቱ የሚያድን ሬይድ የለም። ከሬይድ ውጪ በሌላ መሣሪያ ላይ፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ፣ የተቀመጠ ባክአፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይልም ከሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል የሚሰረዝ በመሆኑ በዚያም በኩል ሬይድ የሚረዳው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በሬይድ 5 ላይ ሁለት ዲስኮች ወጥተው ቨርቹዋል ዲስኩ ኦፍላይን ከሆነ የሚረዳው መረጋጋት ነው። ሰርቨሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት፣ ዲስኮቹን ነቅሎ ቦታ እያቀያየሩ መሞከር ያለውን ዕድል ያጠባል። ዲስኮቹ የወጡበት ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የወጣው ዲስክ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ አያውቅም፤ ምናልባት ከሦስት ሳምንት በፊት ወጥቶ ማንም ሳያየው ቆይቶ ይሆናል። እሱን በግድ ኦንላይን ማድረግ የሦስት ሳምንት አሮጌ መረጃን ከዛሬው ጋር ማደባለቅ ነው። መመለስ የሚገባው በመጨረሻ የወጣው ዲስክ ሲሆን፣ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የኮንትሮለሩ ሎግ ብቻ ስለሆነ ከምንም ሥራ በፊት ሎጉ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። መረጃው በባክአፕ ላይ የሌለና ውድ ከሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ለመረጃ አዳኝ ባለሙያ መስጠት ይሻላል። በራስ መሞከር የግድ ከሆነ ደግሞ በመጨረሻ የወጣው ዲስክ ኦንላይን እንደሆነ ሪቢልድ ሳይጀመርና ተጠቃሚ ሳይገባ መረጃው በንባብ ብቻ፣ ከሁሉ አስፈላጊው ቀድሞ፣ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣል።